ስቴፕ ሪስፖንስን በላፕላስ ማግኘት፦ ከዲፈረንሻል እኩልታ እስከ ግራፍ

ድሬዳዋ ውስጥ ኮንትሮል ሲስተም የሚማሩ ልጆችን ሳስጠና ደጋግሜ የምሰማው «ቲቸር፣ ላፕላሱ ከበደኝ» የሚል ነው። ደብተራቸውን ስከፍት ግን ላፕላሱ ላይ እምብዛም ስህተት አላገኝም። ሠንጠረዡን በቃላቸው ይዘውታል። የሚወድቁት ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው። ኢንፑቱን ማባዛት ይረሳሉ፣ ታህቱን ሳያስተካክሉ ወደ ፓርሻል ፍራክሽን (አንዱን ክፍልፋይ ወደ ቀላል ክፍልፋዮች መበተን) ይሮጣሉ፣ ያገኙትን መልስ በዜሮ ሰዓት እንኳ ሳይፈትሹ ወረቀቱን ያስረክባሉ። አንድ የምልክት ስህተት ሦስት ገጽ ሥራ ያበላሻል፤ ተማሪውም ፈተናው ተመልሶ እስኪመጣ አያውቀውም።

ስለዚህ ስቴፕ ሪስፖንስን፣ ማለትም ኢንፑቱ ድንገት ወደ አንድ ቋሚ ዋጋ ሲዘል አውትፑቱ በጊዜ የሚሰጠውን ምላሽ፣ ለማግኘት ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ሥሩ። በተለይ ደረጃ 5ን አትዝለሉ። መልሱ ከየት እንደሚነሳና የት እንደሚያርፍ ስሌቱን ሳትጀምሩ ካወቃችሁ፣ አብዛኛውን ስህተት ራሳችሁ ትይዙታላችሁ።

ፊደሎቹን ስናነባቸው እንደምንጠራቸው ጽፌአቸዋለሁ። ኤስ የላፕላሱ ተለዋዋጭ ነው። ቲ ጊዜ ነው፣ በሴኮንድ። ኢ 2.718 ነው። ዩ ኢንፑት፣ ዋይ አውትፑት፣ ጂ ደግሞ ትራንስፈር ፋንክሽን ነው፣ ማለትም በኤስ የተጻፈው አውትፑት ለኢንፑቱ ሲካፈል። ደብተራችሁ ላይ በለመዳችሁት ፊደል ጻፉ።

ዝግጅት፦ አምስት መስመር ብቻ

ለስቴፕ ሪስፖንስ ሙሉው የላፕላስ ሠንጠረዥ አያስፈልጋችሁም። እነዚህን አምስት መስመሮች በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ። በግራ ያለው በጊዜ፣ በቀኝ ያለው በኤስ ነው፤ መ እና ወ ቋሚ ቁጥሮች ናቸው።

1 (ስቴፕ) → 1/ኤስ
ኢ^(−መቲ) → 1/(ኤስ+መ)
ቲ·ኢ^(−መቲ) → 1/(ኤስ+መ)²
ኢ^(−መቲ)·ኮሳይን(ወቲ) → (ኤስ+መ)/((ኤስ+መ)²+ወ²)
ኢ^(−መቲ)·ሳይን(ወቲ) → ወ/((ኤስ+መ)²+ወ²)

አራተኛውንና አምስተኛውን ላዕል ቀይ አስምሩባቸው። የኮሳይኑ ላዕል (ኤስ+መ) ነው፣ ኤስ ብቻ አይደለም። የሳይኑ ላዕል ደግሞ ወ ነው፣ 1 አይደለም። እንደማየው ከሆነ ነጥብ በብዛት የሚጠፋው እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው።

ካልኩሌተራችሁን ራዲያን ላይ አድርጉ። ዲግሪ ላይ ከቀረ የመጨረሻው ፍተሻ ሁሉ ይሳሳታል፤ እናንተም ትክክለኛውን ሥራ ትሰርዛላችሁ።

ደረጃ 1፦ እኩልታውን ጻፉ፣ መለኪያውን አስተካክሉ

አውትፑቱን ከነዴሪቬቲቮቹ በግራ፣ ኢንፑቱን በቀኝ አድርጉ። በቀላሉ እንጀምር። 100 ኪሎኦም ሬዚስተርና 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ተያይዘዋል፣ ኢንፑቱ የስልክ ቻርጀር የሚሰጠው 5 ቮልት ነው፣ አውትፑቱ ደግሞ በካፓሲተሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ነው። ሬዚስተሩን በካፓሲተሩ አባዙ፦

100,000 × 0.0001 = 10 ሴኮንድ (የጊዜ ቋሚው፣ ማለትም አውትፑቱ የማረፊያውን 63 በመቶ የሚደርስበት ጊዜ)

እኩልታው፦ 10ዋይ′ + ዋይ = ዩ

ማስጠንቀቂያ፦ ኪሎን ወደ ኦም፣ ማይክሮን ወደ ፋራድ ሳትቀይሩ አታባዙ። 100 በ100 አባዝቶ 10,000 ሴኮንድ ያገኘ ተማሪ ካፓሲተሩ ከሁለት ሰዓት ከአርባ ሰባት ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው የሚሞላው እያለ ነው ማለት ነው፤ ያውም 63 በመቶ ድረስ ብቻ።

ደረጃ 2፦ የመነሻውን ሁኔታ ወስኑ

ስቴፕ ሪስፖንስ ሲባል፣ ሌላ ካልተነገረ በቀር፣ ሲስተሙ ከዕረፍት ይነሳል ማለት ነው። ካፓሲተሩ ባዶ ነው፣ ስፕሪንጉ አልተጫነም፣ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ይህንን በአንድ መስመር ጻፉት፦ ዋይ(0) = 0። ሁለተኛ ዲግሪ ከሆነ ዋይ′(0) = 0 ጨምሩ።

መነሻው ዜሮ ካልሆነስ? ለዚህ ድሬ ላይ ምሳሌ መፈለግ አያስቸግርም። ኤሲ ባለበት ላቦራቶሪ ውስጥ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያሳይ ቴርሞሜትር ይዛችሁ 36 ዲግሪ ወደሆነ ደጅ ወጣችሁ። የቴርሞሜትሩ የጊዜ ቋሚ 20 ሴኮንድ ነው እንበል። ሁለት መንገድ አላችሁ።

አንደኛው መንገድ ልዩነቱን መሥራት ነው። አዲስ ተለዋዋጭ ውሰዱ፦ «ከ24 በላይ ያለው ሙቀት»። ይህ ከዜሮ ይነሳል፣ ስቴፑም 12 ነው። መልሱ 12(1 − ኢ^(−0.05ቲ)) ይሆናል። በመጨረሻ 24ን መልሳችሁ ደምሩ።

ሁለተኛው መንገድ መነሻውን ላፕላሱ ውስጥ ማስገባት ነው። ዴሪቬቲቩ ኤስ·ዋይ(ኤስ) ብቻ ሳይሆን ኤስ·ዋይ(ኤስ) − 24 ይሆናል፦

20(ኤስ·ዋይ − 24) + ዋይ = 36/ኤስ
ዋይ(ኤስ) = (24ኤስ + 1.8)/(ኤስ(ኤስ+0.05))
ዋይ(ቲ) = 36 − 12ኢ^(−0.05ቲ)

ሁለቱ መልሶች አንድ ናቸው፤ አስፉና አነጻጽሩ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ ስህተት የሚገባበት ቦታ ያንስበታልና። ሁለቱን መንገዶች ግን በአንድ ወረቀት ላይ አትቀላቅሉ። ልዩነቱን ወስዶ እንደገና 24ን ላፕላሱ ውስጥ የሚያስገባ ተማሪ መነሻውን ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል።

ደረጃ 3፦ ትራንስፈር ፋንክሽኑን አውጡ

እያንዳንዱን ዴሪቬቲቭ በኤስ ተኩ፣ ዋይን ወደ ውጭ አውጡ፣ ከዚያ በዩ አካፍሉ።

(10ኤስ + 1)·ዋይ(ኤስ) = ዩ(ኤስ)
ጂ(ኤስ) = 1/(10ኤስ + 1)

እዚህ ላይ መነሻው ሁልጊዜ ዜሮ ነው። 24 ዲግሪን የመሰለ ነገር ጂ ውስጥ ካገኛችሁ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ደረጃ 4፦ በስቴፑ አባዙ

ዋይ(ኤስ) = ጂ(ኤስ) × የስቴፑ ቁመት/ኤስ

ለሰርኪዩታችን፦

ዋይ(ኤስ) = 5/(ኤስ(10ኤስ+1))

ይህችን ማባዛት የዘለለ ሰው የሚያገኘው ኢምፐልስ ሪስፖንስን (ለቅጽበታዊ ምት የሚሰጠውን መልስ) ነው። እንዴት ታውቁታላችሁ? መልሳችሁ ከፍ ብሎ ተነስቶ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ቻርጀር ላይ የተሰካ ካፓሲተር ደግሞ እንዲህ አያደርግም። ቁመቱን የረሳ ሰው በበኩሉ የዩኒት ስቴፕ መልስ ያገኛል፣ ማለትም 5 ቮልት በሚያርፍበት ቦታ 1 ቮልት ላይ ያርፍበታል። ጥያቄው «ዩኒት ስቴፕ» ካለ ቁመቱ 1 ነው። ቮልት፣ ኒውተን ወይም ዲግሪ ከሰጠ ቁጥሩን ተጠቀሙ።

ደረጃ 5፦ ሳትበትኑ በፊት መልሱን ተንብዩ

እዚህ ላይ እስክሪብቷችሁን አቁሙ። ሦስት ነገር በደብተሩ ጥግ ላይ ጻፉ።

መጀመሪያ ፖሎቹን አግኙ። የጂ ታህት ዜሮ የሚሆንባቸው የኤስ ዋጋዎች ናቸው። የእኛው −0.1 ነው። ሁሉም ፖሎች በግራ በኩል ካሉ፣ ማለትም እውነተኛው ክፍላቸው ኔጌቲቭ ከሆነ፣ ሲስተሙ ይረጋጋል፤ ቀጥሉ።

ቀጥሎ ማረፊያውን አግኙ። ፋይናል ቫልዩ ቲዎረም የሚለው ዋይ(ኤስ)ን በኤስ አባዝታችሁ ኤስን ዜሮ እንድታደርጉ ነው። ለስቴፕ ይህ ቁመቱን በጂ(0) ከማባዛት አይለይም፦ 5 × 1 = 5 ቮልት።

በመጨረሻ መነሻውን አግኙ። ዋይ(ኤስ)ን በኤስ አባዙና ኤስን ወደ ኢንፊኒቲ ውሰዱ፦ 5/(10ኤስ+1) ወደ 0 ይሄዳል። ስለዚህ ግራፉ ከዜሮ ይነሳል።

የማረፊያው ስሌት የሚሠራው ፖሎቹ በግራ ሲሆኑ ብቻ ነው። ይህን ቅድመ ሁኔታ ሳይፈትሹ ቀመሩን መጠቀም ከባድ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ቀመሩ ምንም ሳይል ሐሰተኛ ቁጥር ይሰጣችኋል። ጂ = 1/(ኤስ−1) ላይ ሞክሩት። ቀመሩ −1 ይላል። እውነተኛው መልስ ኢ^ቲ − 1 ነው፣ ያለ ማቆሚያ ወደ ላይ ይሮጣል። ጂ = 4/(ኤስ²+4) ላይ ደግሞ ቀመሩ 1 ይላል። እውነተኛው መልስ 1 − ኮሳይን(2ቲ) ነው፣ በ0 እና በ2 መካከል ሲወዛወዝ ይኖራል፣ የትም አያርፍም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። «ስቴፕ ሪስፖንስ ሁልጊዜ ከዜሮ ይነሳል» ብላችሁ አትሸምድዱ። የላዕሉ ዲግሪ ከታህቱ ጋር እኩል ከሆነ አውትፑቱ በቅጽበት ይዘላል። ጂ = (ኤስ+4)/(ኤስ+2) ሲሆን የዩኒት ስቴፑ መልስ 2 − ኢ^(−2ቲ) ነው፤ በዜሮ ሰዓት 1 ላይ ይገኛል። ይህን የማያውቅ ተማሪ ትክክለኛ መልሱን «ዜሮ አልሆነልኝም» ብሎ ይሰርዘዋል። የመነሻውን ቲዎረም የሠራ ግን 1 እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቃል።

ደረጃ 6፦ በፓርሻል ፍራክሽን በትኑ

ቅድሚያ ታህቱን አስተካክሉ። በእያንዳንዱ ቅንፍ ውስጥ ኤስ ብቻዋን እንድትቆም አባዢዋን አውጡ። (10ኤስ+1) ማለት 10(ኤስ+0.1) ነው። ስለዚህ፦

5/(ኤስ(10ኤስ+1)) = 0.5/(ኤስ(ኤስ+0.1))

10ን ማውጣት ረስቶ 5ን እንዳለ የያዘ ሰው ማረፊያው 50 ቮልት ይሆንበታል። ከ5 ቮልት ቻርጀር 50 ቮልት ሲወጣ ካያችሁ ስህተቱ እዚህ ነው።

አሁን ከሦስቱ መንገዶች የሚስማማውን ምረጡ።

ሀ. ፖሎቹ የተለያዩ እውነተኛ ቁጥሮች ሲሆኑ

ለእያንዳንዱ ፖል አንድ ክፍልፋይ ጻፉ። ከዚያ የፖሉን ቅንፍ በእጃችሁ ሸፍኑና በቀረው ላይ ፖሉን ተኩ። ለሰርኪዩቱ፦ ኤስን ሸፍናችሁ 0 ስትተኩ 0.5/0.1 = 5፤ (ኤስ+0.1)ን ሸፍናችሁ −0.1 ስትተኩ 0.5/(−0.1) = −5።

ዋይ(ቲ) = 5 − 5ኢ^(−0.1ቲ)

ሦስት ፖል ያለበትን ደግሞ ሞክሩ፦ 6/(ኤስ(ኤስ+2)(ኤስ+3))።

በኤስ ላይ፦ 6/(2×3) = 1
በ(ኤስ+2) ላይ፣ ኤስ = −2፦ 6/((−2)(1)) = −3
በ(ኤስ+3) ላይ፣ ኤስ = −3፦ 6/((−3)(−1)) = 2

ዋይ(ቲ) = 1 − 3ኢ^(−2ቲ) + 2ኢ^(−3ቲ)

ማስጠንቀቂያ፦ የምትተኩት −2ን እንጂ 2ን አይደለም። በቅንፉ ውስጥ ያለውን ምልክት ገልብጡት።

ለ. ፖሉ ሲደጋገም

4/(ኤስ(ኤስ+2)²) ሲመጣ ሁለት ሳይሆን ሦስት ክፍልፋይ ጻፉ፦ አንድ ለኤስ፣ አንድ ለ(ኤስ+2)፣ አንድ ለ(ኤስ+2)²። የመካከለኛውን መተው የተለመደ ውድቀት ነው። የኤሱና የካሬው ቁጥር በመሸፈን ይገኛሉ፦ 4/4 = 1 እና 4/(−2) = −2። የመካከለኛው (ለ እንበለው) ግን በመሸፈን አይገኝም። ዴሪቬቲቭ መውሰድ ትችላላችሁ፤ ፈጣኑ መንገድ ግን ኤስን በቀላል ቁጥር መተካት ነው። ኤስ = −1 አድርጉ። በግራ 4/((−1)(1)) = −4። በቀኝ −1 + ለ − 2። ስለዚህ ለ = −1።

ዋይ(ቲ) = 1 − ኢ^(−2ቲ) − 2ቲ·ኢ^(−2ቲ)

ሐ. ፖሎቹ ኮምፕሌክስ ሲሆኑ

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ። ድሬ ባጃጅ የሞላባት ከተማ ናት፤ ሜካኒክ የባጃጅን ሾክ አብዞርበር ለመፈተሽ የኋላውን በእጁ ሲጫነው አይታችሁ ይሆናል። ያንን እንሥራ። ለስሌት እንዲመቹ እነዚህን ቁጥሮች እንውሰድ፦ ክብደት 400 ኪሎግራም፣ ዳምፐር 4800 ኒውተን-ሴኮንድ በሜትር፣ ስፕሪንግ 40,000 ኒውተን በሜትር፣ ድንገት የተጫነና የማይነሳ 800 ኒውተን ኃይል። የሚጫኑት ከመሬት ቆመው በእጃቸው ነው። ባጃጁ ላይ ቢቀመጡ ክብደቱ ራሱ ይጨምርና እኩልታው ይለወጣል።

400ዋይ″ + 4800ዋይ′ + 40,000ዋይ = ዩ

ዋይ(ኤስ) = 800/(ኤስ(400ኤስ² + 4800ኤስ + 40,000))

ታህቱን በ400 አስተካክሉ፦

ዋይ(ኤስ) = 2/(ኤስ(ኤስ² + 12ኤስ + 100))

ትንበያ፦ ማረፊያው 2/100 = 0.02 ሜትር፣ ማለትም 2 ሴንቲሜትር ነው። መነሻው ዜሮ። የመነሻው ፍጥነትም ዜሮ።

በኳድራቲኩ ውስጥ 12² − 4×100 ኔጌቲቭ ነው፣ ስለዚህ አይበተንም። እንዳለ ተዉት። ክፍልፋዮቹ፦

ሀ/ኤስ + (ለ·ኤስ + ሐ)/(ኤስ² + 12ኤስ + 100)

በኳድራቲክ ላይ ያለው ላዕል ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች አሉት። አንድ ብቻ የጻፈ ሰው ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ይባክናል። ሀን በመሸፈን አግኙ፦ 0.02። ከዚያ ሁለቱንም ወገን በሙሉው ታህት አባዙና የየኤሱን አባዢ አመሳስሉ፦

የኤስ² አባዢ፦ ሀ + ለ = 0፣ ስለዚህ ለ = −0.02
የኤስ አባዢ፦ 12ሀ + ሐ = 0፣ ስለዚህ ሐ = −0.24

0.02ን ወደ ውጭ አውጡት፦

ዋይ(ኤስ) = 0.02 × [1/ኤስ − (ኤስ+12)/(ኤስ²+12ኤስ+100)]

አሁን ካሬውን ሙሉ። የ12ን ግማሽ ውሰዱ፣ 6። 6² = 36፤ 100 − 36 = 64፤ የ64 ስኩዌር ሩት 8።

ኤስ² + 12ኤስ + 100 = (ኤስ+6)² + 8²

ቀጥሎ ላዕሉን እንደ ሠንጠረዡ ቁረጡት። ኮሳይኑ የሚፈልገው (ኤስ+6) ነው፤ ኤስ+12 ውስጥ እሱን አውጥታችሁ 6 ይቀራል። ሳይኑ የሚፈልገው 8 ነው፤ ያላችሁ 6 ስለሆነ 6 = 0.75 × 8 ብላችሁ ጻፉት። ይህን የ0.75 እርምጃ በቃላችሁ አትሥሩት፣ ወረቀት ላይ ይታይ።

ዋይ(ቲ) = 0.02 × [1 − ኢ^(−6ቲ)·(ኮሳይን(8ቲ) + 0.75·ሳይን(8ቲ))]

ፖሎቹን በኮምፕሌክስ ቁጥር መበተንም ይቻላል፤ ወደዚሁ መልስ ያደርሳል። በእጅ ለሚሠራ ግን ካሬ መሙላቱ ያጥራል።

ደረጃ 7፦ ፈትሹ

በደረጃ 5 ጥግ ላይ የጻፋችሁትን አውጡ። ሦስት ፍተሻ አለ፣ ሁለት ደቂቃም አይፈጅም።

ቲ = 0 ተኩ። የባጃጁ፦ 1 − 1×(1 + 0) = 0። ደህና። የሦስት ፖሉ፦ 1 − 3 + 2 = 0። ደህና።

ቲን በጣም ትልቅ አድርጉ። ኤክስፖኔንሻሎቹ ይጠፋሉ፣ 0.02 ይቀራል። ከትንበያው ጋር ይገጥማል።

የመነሻውን ፍጥነት ፈትሹ። በጂ ታህት ላይ ያለው ዲግሪ ከላዕሉ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ፣ ዋይ′(0) ዜሮ መሆን አለበት። የሦስት ፖሉ፦ 6 − 6 = 0። የባጃጁ፦ በቅንፉ ውስጥ 6 − 0.75×8 = 0። ይህ ሦስተኛው ፍተሻ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው፣ ምክንያቱም የሳይኑ አባዢ ቢሳሳት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፍተሻዎች አይይዙትም። ሳይን በዜሮ ዜሮ ነው፣ በኢንፊኒቲም ኤክስፖኔንሻሉ ያጠፋዋል። 0.75 ሳይሆን 6 ብትጽፉ ሁለቱንም ያልፋል፤ የሚያጋልጠው ፍጥነቱ ብቻ ነው።

ካልገጠመ እንዲህ ፈልጉ፦

ማረፊያው ትክክል፣ መነሻው ስህተት ከሆነ፦ ከኤስ ውጭ ካሉት አባዢዎች የአንዱ ምልክት ተገልብጧል። በመሸፈን ጊዜ የተካችሁትን እንደገና እዩ።

ማረፊያው በአንድ ሙሉ ቁጥር እጥፍ ከተሳሳተ፦ ታህቱን ስታስተካክሉ አባዢው ቀርቷል፣ ወይም የስቴፑ ቁመት ተረስቷል።

መነሻውና ማረፊያው ትክክል፣ ፍጥነቱ ስህተት ከሆነ፦ የሳይኑን አባዢ በወ ማካፈል ረስታችኋል፣ ወይም በተደጋገመ ፖል ላይ የካሬው ክፍልፋይ ተሳስቷል።

ኤክስፖኔንሻሉ ላይ ፖዘቲቭ ምልክት ከመጣ፣ ፖሎቹ ግን በግራ ከነበሩ፦ ከሠንጠረዡ ስትገለብጡ ምልክቱ ወድቋል። 1/(ኤስ+6) ሁልጊዜ ኢ^(−6ቲ) ነው።

ደረጃ 8፦ ግራፉን ሳሉ

ለአንደኛ ዲግሪ ሲስተም አራት ነጥብ ይበቃል። በአንድ የጊዜ ቋሚ 63.2 በመቶ፣ በሁለት 86.5፣ በሦስት 95፣ በአራት 98.2 በመቶ ላይ ነጥብ አድርጉና አያይዙ። ግራፉ ሲነሳ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ዳገት አለው፤ ከመነሻው ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አትሳሉት። ጠፍጣፋ መነሻ የሁለተኛ ዲግሪ ምልክት ነው።

ለሚወዛወዝ ሲስተም መጀመሪያ ሁለቱን ቁጥሮች አውጡ። ኤስ² + 12ኤስ + 100 ላይ ናቹራል ፍሪኩዌንሲው √100 = 10 ራዲያን በሴኮንድ ነው። መወዛወዙ ምን ያህል እንደሚታፈን የሚያሳየው ዳምፒንግ ሬሾ 12/(2×10) = 0.6 ነው። ከነዚህ ቀጥሎ፦

የመጀመሪያው ጫፍ ሰዓት፦ ፓይ/8 = 0.393 ሴኮንድ። የሚካፈለው ለ8 ነው፣ ለ10 አይደለም።
ኦቨርሹት (ከማረፊያው በላይ የሚያልፈው)፦ ኢ^(−6 × 0.393) = 0.0948፣ ማለትም 9.5 በመቶ።
የጫፉ ቁመት፦ 2 × 1.095 = 2.19 ሴንቲሜትር።
በ2 በመቶ ውስጥ የሚረጋጋበት ሰዓት፦ 4/6 = 0.67 ሴኮንድ ያህል።

ቲ = 0.393ን በሙሉው መልስ ውስጥ ተኩት። ኮሳይኑ −1፣ ሳይኑ 0 ይሆናል፣ 0.0219 ሜትርም ይመጣል። ካልመጣ፣ ካልኩሌተሩ ዲግሪ ላይ አለመሆኑን መጀመሪያ እዩ።

እነዚህ የጫፍና የኦቨርሹት ቀመሮች የሚሠሩት በላዕሉ ላይ ቁጥር ብቻ ሲኖር ነው። ላዕሉ ላይ ኤስ ካለች ኦቨርሹቱ ይለወጣል። ያኔ ሙሉውን መልስ አግኝታችሁ ዴሪቬቲቩን ዜሮ አድርጉ።

መዘግየት ሲኖር

በጂ ላይ ኢ^(−3ኤስ) ካያችሁ አትደንግጡ፣ ፓርሻል ፍራክሽን ውስጥም አታስገቡት። ወደ ጎን አውጡት፣ የቀረውን እንደተለመደው ፍቱ፣ በመጨረሻ በቲ ቦታ ሁሉ (ቲ − 3) ጻፉ። «ከ3 ሴኮንድ በፊት ዜሮ» ብላችሁ መጨመራችሁን አረጋግጡ። ይህ ካልተጨመረ መልሱ ኢንፑቱ ከመድረሱ በፊት ኔጌቲቭ ዋጋ ያሳያል።

በእጃችሁ ለክታችሁ አረጋግጡ

የመጀመሪያውን ሰርኪዩት ጠረጴዛ ላይ ሠርታችሁ እዩት፤ ኦሲሎስኮፕ አያስፈልግም። 10 ሴኮንድ በስልክ ሰዓት የሚለካ ነው።

1. ሬዚስተሩን በቀለሙ ለዩ። ባለ አራት ቀለበት ከሆነ 100 ኪሎኦም ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቢጫ ነው። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቡናማ ከሆነ 100 ኦም ብቻ ነው፤ ካፓሲተሩ ዓይናችሁ እያየ በቅጽበት ይሞላል።
2. ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሩን በትክክለኛ አቅጣጫ ግጠሙ። በጎኑ ላይ ያለው የመቀነስ ምልክት ወደ ቻርጀሩ ኔጌቲቭ ይሂድ። በተገላቢጦሽ ከተሰካ ሊሞቅና ሊፈነዳ ይችላል። ቮልቴጁ 10 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበትን ምረጡ።
3. ከመጀመራችሁ በፊት የካፓሲተሩን ሁለት እግሮች በ1 ኪሎኦም ሬዚስተር ለጥቂት ሴኮንዶች አገናኙ። መልቲሜትሩ ዜሮ ካላሳየ መነሻችሁ ዜሮ አይደለም፣ ደረጃ 2ም ፈርሷል።
4. መልቲሜትሩን በካፓሲተሩ ላይ አድርጉ፣ ቻርጀሩን አገናኙ፣ ሰዓቱን በዚያው ቅጽበት አስጀምሩ። በ5፣ በ10፣ በ20፣ በ30 እና በ50 ሴኮንድ ያለውን ጻፉ።
5. ከስሌቱ ጋር አነጻጽሩ፦ 1.97፣ 3.16፣ 4.32፣ 4.75፣ 4.97 ቮልት።

ቁጥሮቹ በትክክል ካልገጠሙ ስሌቱን ቶሎ አትጠርጥሩ። በኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ላይ የተጻፈው ዋጋ 20 በመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊለይ ይችላል፤ የጊዜ ቋሚው ከ8 እስከ 12 ሴኮንድ ቢመጣ የሚጠበቅ ነው። የራሳችሁን ለማግኘት 3.16 ቮልት የደረሰበትን ሰዓት ያዙና በዚያ ቁጥር እኩልታውን እንደገና ጻፉ።

ማረፊያው 5 ሳይሆን 4.95 አካባቢ ከቀረ መልቲሜትሩ ራሱ ነው። ብዙ ዲጂታል መልቲሜትሮች 10 ሜጋኦም ስላላቸው ከ100 ኪሎኦሙ ጋር ሆነው ቮልቴጁን አንድ በመቶ ያህል ይቀንሱታል። ከዚያም በታች ከቆመ፣ የቻርጀሩን ቮልቴጅ ለብቻው ለኩት። እሱ ደህና ከሆነ ካፓሲተሩ ያፈስሳል ማለት ነው። የኤሌክትሮሊቲክ ማፍሰስ ሙቀት ሲጨምር ይጨምራል፣ ስለዚህ በድሬ ቀትር የለካችሁትን ማለዳ ላይ ድገሙት። ማለዳም ካልተሻሻለ ካፓሲተሩን ቀይሩ።

ቁጥሩ ከነጭራሹ ካልተነሳ ደግሞ ሬዚስተሩ ከካፓሲተሩ ጋር በተከታታይ መያያዙን እዩ። መልቲሜትሩ በአምፔር ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ ከሆነ ካፓሲተሩን ሾርት እያደረገ ነው፤ ገመዱን ወደ ቮልት ቀዳዳ መልሱ፣ ካፓሲተሩን እንደገና ባዶ አድርጉ፣ ከተራ ቁጥር 3 ጀምሩ።